የ180 ዲግሪ ሕግ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ሐይቁ አዙሩ። ዘጌ በግራችሁ በኩል ነው። ማለዳ ላይ እንጨት የጫነች የደንገል ታንኳ ከዘጌ ወደ ከተማ ስትመጣ ከግራችሁ ወደ ቀኛችሁ ትሄዳለች። ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጿት። ከዚያ ጀልባ ይዛችሁ ከታንኳዋ ባሻገር እለፉና ፊታችሁን ወደ ከተማው መልሳችሁ ያችኑ ታንኳ እንደገና ቅረጹ። ታንኳዋ አቅጣጫ አልቀየረችም። ቀዛፊውም ያው ወደ ባሕር ዳር ነው የሚቀዝፈው። ስክሪናችሁ ላይ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ትሄዳለች። ሁለቱን ሾቶች አከታትላችሁ ብታስገቡ፣ ተመልካቹ "ምን ረስቶ ነው የተመለሰው?" ይላል።

ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት ፊልም ሠሪዎች የሚከተሉት ደንብ የ180 ዲግሪ ሕግ ይባላል። በሚቀረጸው ነገር ጉዞ ላይ፣ ወይም በሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች መካከል አንድ መስመር እንደተሰመረ አድርጋችሁ አስቡ። ካሜራው ከመስመሩ በአንደኛው ወገን ይሁን። በዚያ ወገን እስካለ ድረስ ይቅረብ፣ ይራቅ፣ ዝቅ ይበል፣ ከፍ ይበል፣ ችግር የለም። ዙሪያው ሙሉ ክብ ነው፣ 360 ዲግሪ። ለካሜራው የተፈቀደለት ግማሹ ነው። መስመሩን ተሻግሮ ማዶ ከቆመ ግራና ቀኝ ይገለበጣል።

ኳስ የሚያይ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ዋናዎቹ ካሜራዎች ከሜዳው በአንድ ወገን ነው የሚቆሙት። ስለዚህ አንድ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ ወደ ቀኝ የሚያጠቃ ከሆነ እስከ ዕረፍት ድረስ ወደ ቀኝ ያጠቃል። በመሀል አንድ ካሜራ ከማዶ ቢያሳየን አጥቂው ወደ ራሱ ጎል የሚሮጥ ይመስለናል። ከማዶ የተቀረጸ ጎል በድጋሚ ሲያሳዩ ብዙ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን የሚጽፉልን ለዚህ ነው።

ሰው ከሰው ሲነጋገር ደግሞ መስመሩ ከዓይን ወደ ዓይን ነው የሚሄደው። አንደኛው ወደ ቀኝ ካየ ሌላኛው ወደ ግራ ማየት አለበት። ያኔ ለየብቻ የተቀረጹ ሁለት ክሎዝ አፖች (ፊትን ከቅርብ የሚያሳዩ ሾቶች) ሲገጣጠሙ ሰዎቹ ፊት ለፊት የቆሙ ይመስላሉ። አንደኛው ጠዋት ሌላኛው ከሰዓት ቢቀረጽ እንኳ፣ ብርሃኑ እስከተመሳሰለ ድረስ፣ ማንም አያውቅም።

ይህ ሕግ የትም ቦታ ጀማሪን ይፈትናል። ባሕር ዳር ላይ ግን ይብሳል እላለሁ። ምክንያቱ ጣና ነው። እዚህ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ሐይቁን ከኋላ ማስገባት ይፈልጋል። ለአንደኛው ተዋናይ ጣናን ከሰጠን በኋላ ለሌላኛው ግድግዳ መስጠት ያሳዝነናል።

እኔና ጓደኞቼ ተማሪ ሳለን የሠራናትን አጭር ሲን (የፊልም ትዕይንት) ልንገራችሁ። ዓሣ አጥማጅ ቆሮሶ ይዞ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ቆሟል። ገዢው ከከተማው በኩል መጥቶ ዋጋ ይጠይቀዋል። መጀመሪያ ሁለቱን አንድ ላይ በዋይድ ሾት ቀረጽን። ገዢው በግራ፣ ዓሣ አጥማጁ በቀኝ። ቀጥሎ የዓሣ አጥማጁን ክሎዝ አፕ ወሰድን። ወደ ግራ ያያል፣ ከኋላው ውኃው ያብረቀርቃል፣ በጣም ያምራል። የገዢው ተራ ሲደርስ ከኋላው የቆሙ ባጃጆችና የተላጠ አጥር ሆኑ። ይሄማ አይሆንም አልን። ትሪፖዱን ሳንነካ ገዢውን ዓሣ አጥማጁ የቆመበት ቦታ ላይ አቆምነውና እሱንም በጣና ቀረጽነው። እሱም ወደ ግራ እያየ "ጋሼ፣ ስንት ነው?" አለ።

ማታ ኤዲቲንግ ላይ ሾቶቹን ስንገጥም ሲኑ ሞተብን። ሁለቱም ወደ ግራ ያያሉ። አንዱ ሌላውን አያናግርም፤ ሁለቱም አብረው የሆነ የሚዘገይ ሰው የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ድምፁ ይሰማል፣ ግን ንግግር የለም። የገዢውን ሾት በሶፍትዌር ገልብጠን ግራውን ቀኝ ለማድረግም ሞከርን። ፊቱ ተስተካከለ። ከኋላው የታሰረችው ጀልባ ስም ግን አብሮ ተገለበጠ፣ ፊደሎቹ ሁሉ በመስታወት እንደታዩ ሆኑ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ከኋላ ጽሑፍ በሌለበት ነው። ሰዓት የታሰረበት እጅና በአንድ በኩል የተበጠረ ፀጉርም ያጋልጣል።

ከመጀመሪያው ብናስብበት ቀላል መላ ነበረው። ሁለቱን ሰዎች ከሐይቁ ዳርቻ ጋር ትይዩ አድርጎ ማቆም። አንዱ በዘጌ በኩል፣ ሌላው አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ይሁን፣ ፊት ለፊት ይተያዩ። ካሜራው በመሬት በኩል ይቁም። ያኔ በአንዱ ትከሻ በኩል ሌላውን ስትቀርጹ ከሁለቱም ኋላ በሰያፍ ጣና ይገባል። መስመሩም አይነካም። አሁን ሐይቅ ዳር ለሚቀርጽ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

መስመሩን ጨርሶ መሻገር አይቻልም ማለት አይደለም። ተመልካቹ እያየ መሻገር ይቻላል። ሾቱ ሳይቆረጥ ካሜራው ዞሮ ማዶ ቢደርስ ተመልካቹም አብሮ ስለዞረ አይጠፋበትም። ተዋናዩ ራሱ ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ መስመሩም አብሮት ይሄዳል። በሁለቱ ሾቶች መካከል ልክ መስመሩ ላይ የቆመ ሾት ማስገባትም ይቻላል። የታንኳዋን ጉዳይ ብንወስድ፣ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ስትመጣ ቅረጿት። ያ ሾት ግራም ቀኝም የለውም። ከእሱ በኋላ ከየትኛውም ወገን ብትቀርጿት ዓይን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1963 የኖረው ጃፓናዊው ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙ ደግሞ ሕጉን አውቆ ነበር የሚተወው፤ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ካሜራውን ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ ያቆም ነበር። የእሱ ፊልሞች ውስጥ ይህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተዘረጋ አሠራር ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ በድንገት ሲሆን ነው ስሕተት የሚመስለው።

ወደ ቆሮሶው ልመለስ። በማግስቱ ማለዳ ሐይቁ ዳር ስንሄድ ዓሣ አጥማጁ የለም፣ ጣና ላይ ነው። ደግነቱ እሱ አላስፈለገንም። ገዢውን እዚያው ጀልባዋ አጠገብ፣ ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ አቆምነው። አንዷ ጓደኛችን ከካሜራው በስተቀኝ ቆማ ቡጢዋን በዓሣ አጥማጁ ዓይን ቁመት ያዘችለት። ገዢው ቡጢዋን እያየ "ጋሼ፣ ስንት ነው?" አለ። ማታ ገጠምነው። ገዢው ወደ ቀኝ አይቶ ጠየቀ፣ ዓሣ አጥማጁ ወደ ግራ አይቶ ዋጋውን ነገረው። ከሁለቱም ኋላ ጣና ነበር።