የሚያፈስ የመኪና ሰንሩፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለሚያፈስ ሰንሩፍ፣ ማለትም የመኪና ጣሪያ ላይ ስላለው የሚከፈት መስታወት፣ ምክር የሌለው ሰው የለም። አንዱ «ሲሊኮን ግዛና ድፈነው» ይላል። ሌላው «ጎሚኒው አልቋል፣ ቀይረው» ይላል። ሦስተኛው «ከነጭራሹ አትክፈተው» ብሎ ይገላግላችኋል። ሁሉም የሚያስቡት ውሃው እንዳይገባ ስለ መከልከል ነው። እኔ ደግሞ ከመግቢያው በፊት መውጫው ይታይ ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ መኪናውን የሚያረጥበው መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ይህን ደግሞ አብዛኛው ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያስተካክለው ይችላል።

«ደህና ሰንሩፍ ጠብታ ውሃ አያሳልፍም»

ያሳልፋል። ከፋብሪካ የወጣ አዲስም ያሳልፋል። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ አብዛኛውን ውሃ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ከመስታወቱ ሥር ዙሪያውን የሚሄድ አሸንዳ አበጅተውለታል። ከጎሚኒው ያመለጠ ውሃ እዚያ ውስጥ ይወርዳል።

አሸንዳው ማዕዘኖቹ ላይ ቀዳዳ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት። ከየቀዳዳው አንድ ቀጭን ቱቦ ይነሳል። የፊቶቹ ሁለት ቱቦዎች የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ ባቀፉት ቋሚዎች ውስጥ ለውስጥ ይወርዱና በፊት በር ማጠፊያ በኩል ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣሉ። የኋላዎቹ በኋላ ቋሚዎች ወርደው በኋላ ጎማ ወይም በኋላ ፓራውልት አካባቢ ያፈሳሉ። ትክክለኛው መውጫ ከመኪና መኪና ይለያያል። የመኪናችሁን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት ይዛችሁ ብትፈልጉ ሥዕሉን ታገኛላችሁ።

ስለዚህ ዝናብ ላይ አሸንዳው ውስጥ ውሃ ብታዩ አትደንግጡ። ሥራው ነው። የሚያሳስበው ውሃው እዚያው ተኝቶ ከቀረ ነው። ቱቦዎቹ በአቧራ፣ በቅጠል ብጥስጣሽና በአበባ ብናኝ ሲደፈኑ አሸንዳው ይሞላል። ከሞላ በኋላ በጠርዙ ገንፍሎ ወደ ጣሪያው ጨርቅ ይሄዳል። ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ይህ ቶሎ ይደርስበታል።

«ዙሪያውን ሲሊኮን ለቅለቅ ማድረግ ነው»

ይሄኛው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። መኪና ሲሄድ ቦዲው ይላወሳል፤ መንገዱ ሲከፋ ደግሞ ይብስበታል። የተለቀለቀው ሲሊኮን አብሮ እየተላወሰ በሆነ ቦታ ይለቃል። ትንሽ ስንጥቅ ከተገኘ ውሃ አይምርም። ቱቦው እንደተደፈነ ነውና የገባው ውሃ መሄጃ የለውም። ድሮ የነበረው ችግር ከነነፍሱ ተመለሰ ማለት ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ያ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል። ቀለሙ የተጫረ ብረት ላይ ካረፈ ዝገትን ይጋብዛል። የተጣበቀውን ሰንሩፍ አንድ ቀን ሰው ረስቶ ቁልፉን ቢጫን ሞተሩ ከሲሊኮኑ ጋር ትግል ይገጥማል፤ ማርሽ ወይም ገመድ ይበጠሳል። መጨረሻ ላይ ትክክለኛውን ጥገና ልሥራ ያለ ሰው ደግሞ ግማሽ ቀኑን ሲሊኮን ሲፍቅ ይውላል። ከፋቀ በኋላም የሚቀረው ስስ ቅባት ቀለምም ማጣበቂያም አልይዝ ይላል።

ዝናብ እየጣለ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ከላይ ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ አልብሳችሁ ዳር ዳሩን በቴፕ ያዙት። ዝናቡ ሲያባራ ቶሎ አንሱት፤ ፀሐይ የመታው ቴፕ ቀለም ላይ ይጋገራል።

«ጎሚኒው አርጅቷል፤ ቢቀየር ያልቅለታል»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ጎሚኒው ስለሚታይ ይወቀሳል። ከተቀደደ፣ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ተጨፍልቆ አልመለስ ካለ በእርግጥ ይቀየር። ነገር ግን መውረጃዎቹ በደንብ የሚሠሩ ከሆነ ትንሽ የደከመ ጎሚኒ መቀመጫ አያርስም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መውረጃውን ፈትሹ።

ጎሚኒውን ከመቀየር በፊት የሚታይ አንድ ነገር ግን አለ፤ የመስታወቱ ከፍታ። ሰንሩፉን ዝጉና በጣታችሁ ከጣሪያው ወደ መስታወቱ ዳብሱ። በብዙ መኪኖች የፊት ጠርዙ ከጣሪያው ጋር እኩል ወይም በጣም በትንሹ ዝቅ ይላል፤ የኋላ ጠርዙ ደግሞ እኩል ወይም በትንሹ ከፍ ይላል። የሚፈቀደው ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ጥግ ከሰመጠ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፤ ነፋሱም ያፏጫል። ማስተካከያ ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ በመስታወቱ ጎንና ጎን ከውስጥ ይገኛሉ፤ አናታቸው የኮከብ ቅርጽ አለው። ከመንካታችሁ በፊት የነበሩበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ያለዚያ መመለሻው ይጠፋችኋል።

«ቱቦው ከተደፈነ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ነው»

ለጎማ የሚሆን የአየር ግፊት ለዚህ ቱቦ አይሆንም። ቱቦው አሸንዳው ላይ የተያዘው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ተሰክቶ ነው፤ ብሎን የለው፣ ማጣበቂያ የለው። ኃይለኛ አየር ሲመጣበት ከጣሪያው ጨርቅ በላይ ተፈናጥሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጠብታ በቀጥታ መኪናው ውስጥ ይፈስሳል። ቱቦውን ለመመለስ ደግሞ ጣሪያውን ማውረድ ይጠይቃል። ከዚህ የከፋ ውለታ የለም።

ሽቦም እንዲሁ ነው። ልብስ መስቀያውን አቃንቶ የሚያስገባ ሰው ቱቦውን ይበሳዋል፤ የበሳውንም አያውቅም።

መጀመሪያ ፈተናው ይቅደም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ሰንሩፉን ክፈቱና ከፊት ጥጉ ላይ ያለውን ቀዳዳ በባትሪ መብራት ፈልጉ። ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉ፤ ጥቁር ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ ይህን ጭቃ ወደ ቀዳዳው እንዳትገፉት። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀስ እያላችሁ እጥጉ ላይ አፍስሱ። የአትክልት ጎማ አይሆንም፤ መጠኑን መቆጣጠር አትችሉም። አንድ ሰው ዝቅ ብሎ ከመኪናው ሥር ይመልከት።

ውሃው ወዲያው ከጠለቀና ብዙም ሳይቆይ ከሥር ከተንጠባጠበ ያ ቱቦ ደህና ነው። እያመነታ፣ አረፋ እየሠራ ከወረደ በከፊል ተደፍኗል። ከነአካቴው ከቆመ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። አራተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ውሃው ከላይ ጥሩ ይጠልቃል፣ ከሥር ግን ምንም አይወጣም። ይህን ካያችሁ ማፍሰሱን አቁሙ። ቱቦው ወይ ተነቅሏል ወይ ተቀድዷል፤ ውሃው ውስጥ እየቀረ ነው።

የኋላ ቀዳዳዎች ያስቸግራሉ። መስታወቱ ሲከፈት ወደ ኋላ ሄዶ ይሸፍናቸዋል። ሰንሩፉን ከመክፈት ይልቅ የኋላ ጫፉን ብቻ ከፍ አድርጉና በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ወይም በቀጭን ቱቦ ውሃውን አድርሱለት።

የተደፈነውን ለመክፈት ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚጠመጠመው ወፍራም የናይለን ክር ተስማሚ ነው። 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ይበቃዋል። ጫፉ ስለታም እንዳይሆን በክብሪት እሳት ነካ አድርጋችሁ አድቦልቡሉት። ከዚያ እያሽከረከራችሁ በቀስታ አስገቡት። አልሄድ ካለ አትታገሉት፤ መለስ አድርጉና እንደገና ሞክሩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ይመጣል። በብዙ መኪኖች የቱቦው የታችኛው ጫፍ ላይ ከንፈር የመሰለ የጎማ ክዳን አለ። አቧራና ነፍሳት ወደ ላይ እንዳይወጡ የተደረገ ነው። ራሱ ጭቃ ይይዝና ይጣበቃል። ከላይ ቀን ሙሉ ክር ብትሰዱ ይህ ካልተከፈተ ለውጥ የለም። መውጫውን ካገኛችሁት ከንፈሩን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጉት፤ የታመቀው ጭቃ ዱብ ይልና ውሃው ይከተለዋል። ወደ እጅጌያችሁ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ሲከፈት ሞቅ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት። የመታጠቢያ ቤት ቱቦ የሚከፍቱትን ኬሚካሎች እዚህ አታምጧቸው፤ ቱቦውንም ቀለሙንም ይበላሉ።

«የሚንጠባጠበው የት እንደሆነ ካየሁ፣ የሚያፈሰውም እዚያ ነው»

ውሃ መንገድ ይመርጣል። ከኋላ ጥግ የገነፈለው ውሃ ጣሪያው ላይ ተጉዞ በመብራቱ ቀዳዳ ሊወርድ ይችላል። መኪናው አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ከቆመ ፊቱ ይርሳል፤ ዞሮ ከቆመ ኋላው ይርሳል። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት መኪናው እንዴት እንደቆመ አስታውሱ።

ጥፋቱም ሁልጊዜ የሰንሩፉ አይደለም። የፊት መስታወቱ ማጣበቂያ፣ የጣሪያ አንቴናው መቀመጫ፣ የዕቃ መጫኛ ሐዲዱ ብሎኖች፣ በበሩ ልባስ ሥር ያለው ፕላስቲክ ሁሉ ሊያፈስሱ ይችላሉ። ዝናብ በሌለበት ኤሲ ስትከፍቱ የእግር ማሳረፊያው ከረጠበ የኤሲው መውረጃ ተደፍኗል። እርጥበቱ የሚያሟልጭ ከሆነና ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተ ደግሞ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ የማሞቂያው ራዲያተር ይታይ። ያኔ ሰንሩፉን ብትነካኩት ጊዜ ማባከን ነው።

«ካልከፈትኩት አያፈስም»

አሸንዳው ክፍት ሆነ ዝግ ዝናቡ ይደርሰዋል። ሳይከፈት የከረመ ሰንሩፍ እንዲያውም አቧራው ይጋገርበታል፣ ጎሚኒው ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። አልፎ አልፎ ክፈቱት፤ አሸንዳውንም ጥረጉት። የዝናብ ወቅት ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

«ጎሚኒው እንዲለሰልስ ቫዝሊን ወይም ዘይት ይቀባ»

አይቀባ። ከነዳጅ የሚወጡ ቅባቶች ብዙውን ዓይነት ጎሚኒ እያሳበጡ ቅርጹን ያስቱታል፤ አቧራም ይሰበስባሉ። ለጎማ የሚሆን ሲሊኮን ነክ ማለስለሻ አለ፤ በጨርቅ አድርጋችሁ በስሱ እለፉበት። ከላይ ካወገዝኩት የሚደርቅ ሲሊኮን ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋሩም።

«ፓኖራማውም ያው ነው፤ ቤት ውስጥ ይሠራል»

መውረጃ ማጽዳቱ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ይለያል። ፓኖራማ የሚባሉት ትልልቅ የመስታወት ጣሪያዎች የማይከፈት መስታወትም ይኖራቸዋል፤ ይህ በጠንካራ ማጣበቂያ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ነው። ማጣበቂያው ከለቀቀ መስታወቱ ተነቅሎ እንደገና መለጠፍ አለበት። አንዳንዶቹ ደግሞ የፕላስቲክ ፍሬማቸው ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል። ይህ የመስታወት ባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ ባትጀምሩት ይሻላል።

የጣሪያውን ጨርቅ ማውረድ ላይም ቆም በሉ። የዛሬ መኪኖች ብዙዎቹ በጣሪያው ጎንና ጎን የተጠቀለለ ኤርባግ አላቸው፤ አንዳንዴ ቱቦው ከአጠገቡ ነው የሚያልፈው። ባትሪውን ሳይነቅሉ፣ አምራቹ ያዘዘውን ያህል ደቂቃ ሳይጠብቁ መነካካት ለአደጋ ይዳርጋል። ተነቅሎ የወጣ ቱቦ ካጋጠማችሁ መካኒክ ብትጠሩ አያሳፍርም።

«ፀሐይ ላይ ካቆምኩት በራሱ ይደርቃል»

ከላይ ያለው ምንጣፍ ይደርቃል። ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ግን ውሃውን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። በአንዳንድ መኪኖች የኤሌክትሪክ ገመዶችና የመቆጣጠሪያ ሳጥኖች የሚያልፉት እዚያው ምንጣፍ ሥር ነው። ዛሬ ያፈሰሰ ሰንሩፍ ከወራት በኋላ የመስኮት ወይም የመብራት ብልሽት ሆኖ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሻጋታውና ሽታው ሳይጨመር።

ምንጣፉ ላይ ደረቅ ፎጣ አንጥፋችሁ በተረከዛችሁ ጫን በሉት። ፎጣው ከረጠበ የበሩን ደፍ ፕላስቲክ አንስታችሁ ምንጣፉን ወደ ላይ ቀና አድርጉት። ሥሩ አየር እንዲገባ የሆነ ነገር ደግፉበት። ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ካላችሁ መጀመሪያ እሱ ይሥራ፤ ከዚያ ቬንትሌተር ይነፋበት። ስፖንጁ መድረቁን ለማወቅ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት መስታወቶቹ ከውስጥ ጉም ከለበሱ ከሥር አሁንም ውሃ አለ፤ ምንጣፉን አትመልሱት።