የስኮትላንድ ባህላዊ ምግብና መጠጥ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስኮትላንድ በብሪታንያ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ስትሆን፣ የምግብ ባህሏ በዋናነት በአጃ፣ በባሕር ዓሣና ከገብስ ብቅል በሚወጣው ውስኪ ላይ የቆመ ነው። የበግና የከብት እርባታዋ የታወቀ ቢሆንም፣ ሥጋ ለብዙ ዘመናት የባለ ርስቱና የገበያው እንጂ የተራው ገበሬ የዕለት ምግብ አልነበረም። ስለዚህ ማዕድ በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ይህ ዳሰሳ ወደዚያ ለሚጓዝ ሰው መነሻ እንዲሆን ተዘጋጅቷል። አንባቢ እንደሚያስተውለው የውስኪ ታሪክ ከሌላው ሁሉ ረዝሟል። ምክንያቱም ቀረጥ የሚከፈልበት ነገር በመዝገብ ይሰፍራል፤ የገበሬ ሚስት በምድጃዋ ላይ ያበሰለችውን ግን የጻፈላት አልነበረም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጃ

የስኮትላንድ በጋ አጭርና ቀዝቃዛ፣ ዝናቧም ብዙ ነው። ስንዴ በምሥራቅና በደቡብ ካሉት ለም ሜዳዎች አልፎ እንደ ልብ አይበቅልም፤ አጃ ግን እርጥበቱንም ስስ አፈሩንም ይችለዋል። ፈረንሳዊው ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዣን ፍሯሳር በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደዘገበው፣ የስኮትላንድ ፈረሰኞች ሲዘምቱ በኮርቻቸው ሥር ጠፍጣፋ ብረት፣ ከኋላቸውም የአጃ ዱቄት የያዘ ከረጢት ጭነው ይሄዱ ነበር፤ በሰፈሩበትም ብረቱን በእሳት አግለው፣ ዱቄቱን በውሃ ለውሰው ቂጣ ይጋግሩ ነበር። የዚያ ቂጣ ዘር ዛሬ ኦትኬክ እየተባለ በየሱቁ ይሸጣል። ደረቅና ተሰባሪ ሲሆን ከአይብ ጋር ይበላል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት አጃን በእንግሊዝ ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሕዝቡን የሚመግብ እህል ብሎ ፈትቶታል። ንቀቱ ግልጽ ነው፤ ሐሰት ግን አልተናገረም።

ፖሪጅ የሚባለው ላላ ያለ የአጃ ገንፎ በውሃ ወይም በወተት ይሠራል። አጃው በሚፈላው ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ፣ ስፐርትል በሚባል ድቡልቡል የእንጨት ማማሰያ ሳይቋረጥ ይማሰላል፤ ጨውም ይጨመርበታል። ስኳር ወይም ማር የሚጨምር ብዙ ሰው ቢኖርም፣ የቀድሞውን ሥርዓት የሚጠብቁት ከጨው ሌላ አያስገቡበትም። በደጋው አገር በምትገኘው የካርብሪጅ መንደር ከ1994 ጀምሮ የዓለም የፖሪጅ ውድድር የሚካሄድ ሲሆን፣ አሸናፊው የወርቅ ስፐርትል ይሸለማል። ከአገሪቱ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዳንዶቹ ደግሞ «የዱቄት ሰኞ» የሚባል የዕረፍት ቀን ነበር፤ ተማሪው ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዶ ያለቀበትን የአጃ ዱቄት ሞልቶ እንዲመለስ የተሰጠ ነው።

ድንች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተስፋፍቶ የድሃው ዋና ምግብ ሆነ፤ በ1846 በበሽታ ሲጠፋም በደጋውና በደሴቶቹ ከባድ ረሃብ አስከተለ። ጎመንና ገብስ ከበግ አጥንት ጋር የሚቀቀሉበት ሾርባ፣ እንዲሁም ዶሮ ከባሮ ሽንኩርትና ከደረቀ ፕሪም ጋር የሚሠራበት ኮካሊኪ የተባለው ሾርባ በምግብ ቤቶች እስካሁን ይገኛሉ። በኦርክኒ ደሴቶች ቢር የተባለ ጥንታዊ የገብስ ዝርያ እየተፈጨ ቂጣ ይጋገርበታል።

ሃጊስ

የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ የሚባለው ሃጊስ ነው። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተቀቅሎ በደቃቁ ከተከተፈ በኋላ ከአጃ፣ ከሞራ፣ ከሽንኩርት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያም በበጉ ጨጓራ ተሞልቶና ተሰፍቶ ለሰዓታት ይቀቀላል። ዛሬ ለገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው በጨጓራ ምትክ በሰው ሠራሽ ሽፋን የተሞላ ነው። ከተፈጨ ድንችና ስዊድ ከተባለው ብጫ የሥር አትክልት ጋር ይቀርባል። ዱለት የለመደ ሰው በሃጊስ ጣዕም አይደናገጥም፤ ልዩነቱ አጃው ሥጋውን አፍታቶ ማለስለሱና ቅመሙ ከሚጥሚጣ ይልቅ ቁንዶ በርበሬ መሆኑ ነው። አሜሪካ ከ1971 ጀምሮ የእንስሳት ሳንባ ለምግብነት እንዳይውል ስለከለከለች፣ በባህላዊው መንገድ የተሠራ ሃጊስ ወደዚያ አይገባም።

ምግቡን ወደ ብሔራዊ ክብር ያወጣው ባለቅኔው ሮበርት በርንስ ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 1759 አሎዌይ በተባለ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው በርንስ በ1786 ለሃጊስ የውዳሴ ግጥም ጻፈለት። ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1801፣ ወዳጆቹ በተወለደበት ጎጆ ተሰብስበው ሃጊስ በልተው መታሰቢያውን አደረጉ። ዛሬ በልደቱ ዕለት ማታ በየአገሩ ያሉ ስኮትላንዳውያን ይህንኑ ይደግሙታል። ሃጊሱ በትልቅ ሳህን ተጭኖ ከረጢት ዋሽንት የሚነፋ ሰው እየቀደመው ወደ አዳራሹ ሲገባ እንግዶቹ ይቆማሉ። ከመካከላቸው አንዱ የበርንስን ግጥም በቃሉ ያሰማል፤ ቢላ ወደሚጠቀስበት ስንኝ ሲደርስም የያዘውን ቢላ ሽፋኑ ላይ ይሰነዝራል፤ እንፋሎቱም ይወጣል።

ስለ ሃጊስ አመጣጥ ክርክር አለ። በ1430 አካባቢ በእንግሊዟ ላንካሻየር በተጻፈ የምግብ አሠራር ጽሑፍ ውስጥ ተመሳሳይ ምግብ ስለሚገኝ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች መነሻው እንግሊዝ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ አንድ ምግብ መጀመሪያ የተጻፈበት ቦታና መጀመሪያ የተበላበት ቦታ አንድ መሆን የለባቸውም፤ በግ ያረደ ሕዝብ ሁሉ ቶሎ የሚበላሸውን የሆድ ዕቃ በጨጓራ መቀቀል ሊያውቅ ይችላል። እንግሊዞች ትተውት ስኮትላንዳውያን ግን እስከ ዛሬ ማቆየታቸው አያጠራጥርም።

ለአገራችን ተጓዥ ሁለት ነገር መጨመር ይገባል። አንደኛው፣ ከ1984 ወዲህ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከአጃ የሚሠራ ሃጊስ በሰፊው ስለሚሸጥ ጾመኛ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ድንቹ በቅቤና በወተት ስለሚፈጭ ያለ ቅቤ እንዲደረግለት አስቀድሞ መናገር አለበት። ሁለተኛው፣ ከቁርስ ሳህን ላይ የማይጠፋው ጥቁር ቋሊማ፣ ማለትም ብላክ ፑዲንግ፣ በእንስሳት ደም የሚሠራ መሆኑ ነው። በተለይ ስቶርኖዌይ በተባለች ከተማ የሚሠራው ዝነኛ ሲሆን ስሙ ከ2013 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ደም የማይበላ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ግን ሳያውቅ እንዳይቀምሰው።

ከባሕር የሚገኘው

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ሃጊስ ያገኘው ክብር ግማሹ እንኳ ለምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ዓሣ ሊሰጠው ይገባ ነበር ብሎ ያምናል። አርብሮዝ ስሞኪ የሚባለው ሃዶክ የተባለ ዓሣ ነው። ሆዱ ጸድቶ ራሱ ተቆርጦ ለጥቂት ጊዜ በጨው ይቆያል፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱ ጅራታቸው በቃጫ ይታሰርና በዘንግ ላይ ይንጠለጠላሉ። ዘንጎቹ እሳት በሚነድበት በርሜል አፍ ላይ ይጋደማሉ፤ ላዩም በረጠበ ጆንያ ይሸፈናል። በጭሱና በእንፋሎቱ መካከል አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዓሣው ይበስላል፤ ቆዳው የመዳብ መልክ ሲይዝ ሥጋው ነጭና እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ሲወጣ በትኩሱ በእጅ እየተቆረሰ ቢበላ ይመረጣል። ሥራው የተጀመረው ከአርብሮዝ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ኦክሚዚ የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ዓሣ የተከማቸበት ቤት ተቃጥሎ የበሰለው ስለጣፈጠ ተጀመረ የሚለው ትረካ ተወዳጅ ቢሆንም እንደ ተረት ቢታይ ይሻላል። ከ2004 ጀምሮ በዚህ ስም መሸጥ የሚችለው ከአርብሮዝ 8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የተሠራው ብቻ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው የከለን ከተማ ደግሞ በጭስ የደረቀ ሃዶክ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ወተት የሚገባበትን ከለን ስኪንክ የተባለ ወፍራም ሾርባ አውጥታለች። በብርዱ ወራት ከዚህ የሚሻል ምሳ የለም።

ሄሪንግ የተባለው ትንሽ ዓሣ በበኩሉ ለአንድ ዘመን የአገሪቱን ዳርቻ በሙሉ ያስተዳደረ ነበር። በ1907 ሁለት ሚሊዮን ተኩል በርሜል ያህል በጨው የተነከረ ሄሪንግ ወደ ጀርመን፣ ወደ ምሥራቅ አውሮፓና ወደ ሩሲያ ተልኳል። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነበር። ሦስት ሦስት ሆነው ሁለቱ ሆድ ይቀዳሉ፣ አንዷ በበርሜል ትደረድራለች፤ ቢላውና ጨው እንዳያቆስላቸው ጣቶቻቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ፣ መርከቦቹን ተከትለው ከሸትላንድ ደሴቶች እስከ እንግሊዝ ምሥራቃዊ ወደቦች ይወርዱ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያው ተዳከመ። በአጃ ተለውሶ የሚጠበሰው ሄሪንግ ግን በየቤቱ ቀርቷል።

ውስኪ

የመጀመሪያው ማስረጃ በ1494 የንጉሡ ግምጃ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረው ነው፤ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ አረቄ እንዲያወጣ ስምንት ቦል ብቅል እንደተሰጠው ይገልጻል። ቦል የዚያን ዘመን የእህል መስፈሪያ ነው። መነኩሴው በፋይፍ ከሚገኘው የሊንዶርስ ገዳም ጋር ስሙ ይያያዛል። አየርላንዳውያን ቅድሚያው የእኛ ነው ይላሉ፤ ጥበቡ በመነኮሳት በኩል ከእነሱ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የቀረጥ ታሪክ ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1644 ለመጀመሪያ ጊዜ በአረቄ ላይ ቀረጥ ጣለ። ከእንግሊዝ ጋር በ1707 ከተዋሐደች በኋላ በ1725 የብቅል ግብር ሲመጣ በግላስጎው ሕዝባዊ ዐመፅ ተነሣ። ቀረጡ እየከበደ በሄደ መጠን የደጋው ገበሬ በሸለቆና በዋሻ ደብቆ ማውጣቱን፣ ሌሊት በኮንትሮባንድ መሸጡን ቀጠለ። ስለ ሃጊስና ስለ ውስኪ ያን ያህል የዘመረው በርንስ ራሱ ከ1789 እስከ ዕለተ ሞቱ ኑሮውን ይደግፍ የነበረው በኤክሳይዝ ቀረጥ ሰብሳቢነት መሆኑ የዘመኑን ሁኔታ በደንብ ያሳያል።

ነገሩን የለወጠው የ1823ቱ ሕግ ነው፤ ቀረጡን ቀንሶ በ10 ፓውንድ ዓመታዊ ፈቃድ ማውጣትን ሕጋዊ አደረገ። በግሌንሊቬት ሸለቆ የነበረው ጆርጅ ስሚዝ በ1824 ፈቃድ ሲያወጣ፣ በድብቅ የሚሠሩት ጎረቤቶቹ እንደ ከሐዲ ቆጥረው ቤቱን ሊያቃጥሉ ስለዛቱበት፣ አንድ ባለ ርስት የሰጠውን ሁለት ሽጉጥ ታጥቆ ይዞር ነበር። በ1830 አካባቢ አየርላንዳዊው ኢኒየስ ኮፊ ያለ ማቋረጥ የሚያጣራ መሣሪያ አስመዘገበ፤ ከብቅል ውጭ በሆነ እህል ርካሽና ቀላል አረቄ ማውጣት ተቻለ። ይህን ከብቅሉ ውስኪ ጋር ማዋሐድ ሲጀመር ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቅልቅል ውስኪ ተወለደ። አዲስ አበባ ሠርግ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረው ጆኒ ዎከር ጆን ዎከር በ1820 በኪልማርኖክ ከተማ ከከፈተው የግሮሰሪ ሱቅ የተነሣ ሲሆን ከዚሁ ወገን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈረንሳይ ወይን በተባይ ሲጠፋ ከወይን የሚወጣው ኮኛክ የተባለ መጠጥ ጠፋና ውስኪ ቦታውን ያዘ። በ1898 ግን ሊዝ በተባለው ወደብ የነበረው የፓቲሰን ወንድማማቾች ድርጅት ሲከስር ብዙ ማጣሪያዎች አብረውት ወደቁ። ካምቤልታውን የተባለችው ከተማ ከ30 በላይ ማጣሪያዎች የነበሯት ሲሆን ዛሬ ሦስት ብቻ ቀርተዋታል።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ እስኪያጎነቁል ይቆያል፤ ብቅሉ በእቶን ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ተነክሮ ጣፋጭ ፈሳሹ ይወጣል። እርሾ ተጨምሮበት ከፈላ በኋላ በመዳብ ጋን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይጣራል። በሁለተኛው ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ የሚወርደው ተለይቶ መካከለኛው ብቻ ወደ በርሜል ይገባል። ማድረቂያው ፒት፣ ማለትም በረግረግ ለሺህ ዓመታት ከተከማቸ ዕፅዋት ተቆርጦ የሚደርቅ ማገዶ ከሆነ ጭሱ ከመጠጡ ጋር ይቀራል፤ ላፍሮይግና አርድቤግ የተባሉት የአይላ ደሴት ውስኪዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በሕግ ስኮች ለመባል በስኮትላንድ ውስጥ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት መቆየትና ከ40 በመቶ ያላነሰ አልኮል መያዝ አለበት። በየዓመቱ ሁለት በመቶ ያህሉ ከበርሜሉ ተንኖ ይጠፋል፤ ይህንንም የመላእክት ድርሻ ይሉታል። መልኩ በአብዛኛው ከበርሜሉ የሚመጣ ቢሆንም ሕጉ ለማቅለሚያ ካራሜል መጨመርን ስለሚፈቅድ፣ ጠቆር ያለው ሁሉ ብዙ ዘመን የቆየ አይደለም። በቡና ቤት አንድ መለኪያ 25 ወይም 35 ሚሊ ሊትር ነው። ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ ነውር አይደለም፤ የሙያው ሰዎች ራሳቸው ያደርጉታል።

ጣፋጩና የከተማው ምግብ

በቅቤ የሚሠራው ሾርትብሬድ ብስኩት፣ በስኳርና በወተት ተፈልቶ የሚረጋው ታብሌት፣ እንዲሁም የታመሰ አጃ፣ ክሬም፣ ማር፣ ራስቤሪና ውስኪ የሚገናኙበት ክራናካን የታወቁ ናቸው። የደንዲ ከተማ ከመራራ ብርቱካን በሚሠራው ማርማላታ ትኮራለች፤ በዚያ ተፈለሰፈ የሚለው ግን ከከተማዋ ነዋሪዎች በቀር ብዙ ደጋፊ የለውም። ገና በስኮትላንድ እስከ 1958 ድረስ የሕዝብ በዓል ስላልነበረ ድግሱ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ያዘነበለ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጀመሪያ ደጃፍ የሚረግጥ እንግዳ ውስኪ፣ ከሰልና ብላክ በን የተባለ ዘቢብ የበዛበት ኬክ ይዞ ይገባል።

ከ1901 ጀምሮ የሚሸጠው ብርቱካናማው አይረን ብሩ የተባለ ለስላሳ መጠጥ ከውስኪ ቀጥሎ የአገሪቱ መለያ ነው። የተጠበሰ ዓሣና ድንች በጣሊያን ስደተኞች አማካይነት በየከተማው ተስፋፋ፤ በኤዲንብራ ቡናማ ስጎ፣ በግላስጎው ደግሞ ኮምጣጤ ይፈስበታል። ቺክን ቲካ ማሳላ የተባለው ዶሮ በቅመም ስጎ የሚቀርብበት ምግብ በ1970ዎቹ ከፓኪስታን በመጣው አሊ አሕመድ አስላም በግላስጎው ተፈጠረ ይባላል፤ ይህን የሚቃወሙ ቢኖሩም ከተማዋ አጥብቃ ይዛዋለች። ስቶንሄቨን ላይ በ1990ዎቹ የተጀመረው በዘይት የሚጠበስ ቸኮሌት ባህላዊ አይባልም፤ ጎብኚዎች ስለሚጠይቁት ብቻ ተጠቅሷል።

በስኮትላንድ አልኮል ከሱቅ የሚገዛው ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ብቻ ሲሆን ዕድሜም 18 መሙላት አለበት። ከ2018 ጀምሮም የአልኮል ዝቅተኛ ዋጋ በሕግ ተወስኗል። መኪና ለሚነዳ ሰው የተፈቀደው የአልኮል መጠን ከ2014 ማብቂያ ወዲህ ከእንግሊዝ ያነሰ፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ የውስኪ ማጣሪያዎችን የሚጎበኝ ተጓዥ የሚነዳለት ሰው ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል፤ ብዙዎቹ ማጣሪያዎችም ለሚነዳው ሰው ድርሻውን በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ይሰጡታል።