ካምፕ 60 ምንድን ነው?

ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ባሻገር ኦርክኒ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ነፋሱ አያድርስ ነው፤ ዛፍ ብዙም አይታይም። ከደሴቶቹ አንዷ፣ ትንሿ ላምብ ሆልም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ምርኮኞች ሰፍረውባት ነበር። ካምፕ 60 ማለት ያ ሰፈር ነው።

በጦርነቱ ዘመን የብሪታንያ ገጠር በእንዲህ ዓይነት ካምፖች ተሞልቶ ነበር። የሚታወቁትም በቁጥር ነበር። መጀመሪያ በብዛት የገቡት ጣሊያኖች ናቸው፤ በኋላ ጀርመኖች በዙ። የአገሩ ወጣት ጦር ሜዳ ስለነበር ድንች የሚለቅሙት፣ ቦይ የሚቆፍሩት ምርኮኞቹ ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንኳ፣ በ1946 (እ.ኤ.አ.፣ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ)፣ 400,000 ያህል ጀርመኖች እዚያው ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው የተመለሱት እስከ 1948 ባለው ጊዜ ነው።

የካምፕ 60 ሰዎች ሥራ ግን እርሻ አልነበረም። በጥቅምት 1939 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በኦርክኒ ደሴቶች መካከል ወዳለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ማረፊያ፣ ስካፓ ፍሎው፣ ሾልኮ ገባ። ሮያል ኦክ የተባለውን የጦር መርከብ አሰጠመ፤ ከ800 በላይ ሰው አለቀ። ቸርችል በደሴቶቹ መካከል ያለው መተላለፊያ በድንጋይና በኮንክሪት እንዲደፈን አዘዘ። የሰው ጉልበት ጠፋ። በ1942 ሰሜን አፍሪካ ውስጥ የተማረኩ ጣሊያኖች መጡ፤ 550 ያህሉ ላምብ ሆልም ላይ ሰፈሩ።

የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛን ለውጊያ ሥራ ማሰማራት ይከለክላል። ምርኮኞቹም ይህን አንስተው ተቃወሙ። «ደሴቶቹን የሚያገናኝ መንገድ ነው» ተባሉና ሥራው ቀጠለ። በእርግጥ መንገድም ሆነ፤ ዛሬም መኪና ይሄድበታል።

ልቤን የሚነካው ግን ማንም ሳያዛቸው የሠሩት ነው። ከምርኮኞቹ መካከል ዶሜኒኮ ኪዮኬቲ የሚባል ሠዓሊ ነበር። መጀመሪያ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሐውልት ሠራ፤ ዘንዶውን ሲወጋ። አጥንቱ እሾሃማ ሽቦ፣ ሥጋው ሲሚንቶ ነው። የታሰሩበትን ሽቦ ቅዱስ አደረጉት! እኔ ጊዮርጊስና ጣሊያን ሲባል ወዲያው ዓድዋ ይመጣብኛል። የእነዚህ ሰዎች ጊዮርጊስ የምርኮኛ ጊዮርጊስ ነው።

ከዚያ ጸሎት ቤት ፈለጉ። ሁለት የቆርቆሮ መጠለያ ተሰጣቸው፤ ተኝቶ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል የሚመስል ዓይነት። ጫፍ ለጫፍ ገጠሟቸው። ኪዮኬቲ የውስጡን ግድግዳ ጡብና የተፈለፈለ ድንጋይ አስመስሎ ቀባው። በመሠዊያው ላይ እናቱ ከሰጠችው ትንሽ ሥዕል አይቶ እመቤታችንን ከነልጇ ሣለ። ፋኖሶቹ የታሸገ ሥጋ ከወጣባቸው ቆርቆሮዎች ተሠሩ። ፓሉምቢ የተባለ ብረት ሠሪ መቅደሱን ከሕዝቡ መቆሚያ የሚለየውን የብረት አጥር ሠራ። ከፊት ሲያዩት ነጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዞር ብለው ከኋላ ሲያዩት ያው የካምፕ ቆርቆሮ።

በመስከረም 1944 ምርኮኞቹ ከደሴቷ ሲወሰዱ ኪዮኬቲ የማጥመቂያውን ገንዳ ልጨርስ ብሎ ቀረ። ጓደኞቹ ሲሄዱ እንኳ ሥራውን በጅምር ለመተው አልፈቀደም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

የካምፑ መኖሪያዎች ፈርሰዋል። ብዙዎቹ የብሪታንያ ካምፖችም እንዲሁ ጠፍተዋል፤ ስኮትላንድ ኮምሪ አጠገብ ያለውን ካምፕ 21ን የመሳሰሉት ጥቂቶች ናቸው የተረፉት። እሱንም በ2007 የአካባቢው ነዋሪዎች ገዝተው ነው ያቆዩት። ላምብ ሆልም ላይ የቀሩት ጸሎት ቤቱና ጊዮርጊሱ ናቸው፤ የጠበቋቸውም የኦርክኒ ሰዎች፣ የትናንት ጠላቶቻቸው፣ ናቸው። በ1960 ኪዮኬቲን ከጣሊያን ጠርተው የደበዘዘውን ሥዕል እንዲያድስ አደረጉ። ሲመለስ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ጸሎት ቤቱ የእናንተ ነው፣ ውደዱት፣ ጠብቁት አላቸው።