ቾቤ ላይ ማምሸት፦ ዝሆኖች ውሃ በሚወርዱበት ሰዓት በጀልባ

ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ በጀልባ መንሸራሸር አዲስ ነገር አይደለም። ትልቅ ወንዝ ባለበት ሁሉ አለ፤ ከቪክቶሪያ ፏፏቴ በላይ ያለው የዛምቤዚ ሽርሽር በተለይ ስሙ የገነነ ነው። ግን እንስሳ ማየት ነው የምፈልገው ካላችሁ ወሬ ሳታበዙ ወደ ቾቤ ወንዝ ሂዱ። ዛምቤዚ ላይ ዋናው ነገር ፀሐይዋና መጠጡ ነው፣ ጉማሬው ምራቂ ነው። ቾቤ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ዋናው ዝሆኑ ነው፣ ፀሐይዋ ምራቂ ናት።

ቾቤ የሚገኘው በሰሜናዊ ቦትስዋና ነው። ካሳኔ የምትባል ትንሽ ከተማ ዳርቻው ላይ አለች፤ ወዲያ ማዶ ናሚቢያ ነው። ወንዙ የሚነሳው ከአንጎላ ደጋማ ቦታዎች ሲሆን ላይኛው ክፍሉ ኩዋንዶ ይባላል፣ ወረድ ሲል ሊንያንቲ፣ ወደ ካሳኔ ሲቃረብ ቾቤ። ከካሳኔ ጥቂት እንደራቀ ካዙንጉላ ላይ ከዛምቤዚ ጋር ይቀላቀላል። እዚያች ቦታ ላይ ቦትስዋና፣ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ አራቱም ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። ቦትስዋናና ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያ ላይ 923 ሜትር የሚረዝም ድልድይ አስመርቀዋል፤ ዚምባብዌን ላለመንካት ተብሎ መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለ ድልድይ ነው። ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ሁሉ በጀልባ እየተጫነ ነበር የሚሻገረው፤ ሾፌሮቹ ወረፋ ይዘው ቀናት ያሳልፉ ነበር።

ስለ ወንዙ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ዛምቤዚ ሲሞላ፣ ማለትም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ የቾቤን ውሃ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቾቤ ያኔ ወደ መጣበት ይፈሳል። ሜዳው በሙሉ ይጥለቀለቃል፣ ደሴቶቹ ይሰወራሉ። ይህን ማወቅ ለጎብኚ ይጠቅመዋል፤ በዚያ ወቅት የሄደ ሰው የሚያየው ቾቤና በመስከረም የሄደ ሰው የሚያየው ቾቤ ሁለት የተለያዩ ወንዞች ነው የሚመስሉት።

አሁን ወደ እንስሳቱ። ከወንዙ በስተደቡብ ያለው የቾቤ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስፋቱ ከ11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የአዲስ አበባን 20 እጥፍ ይሆናል። አብዛኛው መሬት የካላሃሪ አሸዋ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጫካው ውስጥ ባሉት ጎድጓዳ ቦታዎች ውሃ ይቋጥራል፤ ዝሆኖቹም በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ዝናቡ ሲያቆም ኩሬዎቹ አንድ በአንድ ይደርቃሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው አስተማማኝ ውሃ ወንዙ ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ዝሆን በሙቀት ቀን እስከ 200 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ ስለዚህ አማራጭ የለውም፣ ይመጣል። ቀኑን በጥላ ስር ያሳልፍና ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ውሃው ይወርዳል። የጀልባው ሽርሽር ከሰዓት በኋላ የሆነው ለፀሐይ መጥለቂያው ሲባል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዝሆኖቹ የሚመጡበት ሰዓት ስለሆነ ነው።

ብዛታቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2022 አምስቱ አገሮች፣ አንጎላ፣ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ፣ በጋራ የሚጠብቁት ካዛ የተባለው ሰፊ የጥበቃ ክልል ውስጥ ከአየር ላይ ቆጠራ ተደርጎ ነበር። ወደ 228,000 የሚጠጋ ዝሆን ተገኘ። ከዚያ ውስጥ ከ130,000 በላይ የሚሆነው ቦትስዋና ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ይህን ያህል ዝሆን ያላት ሌላ አገር የለችም። ለጎብኚ ደስ ይላል፤ ማሳው በአንድ ሌሊት ለተጠረገበት ገበሬ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ እና ካሳኔ አካባቢ ያለ ሰው ስለ ዝሆን ሲያወራ እንደ ቱሪስቱ አፉን ከፍቶ አያወራም።

ሽርሽሩ እንዲህ ነው። ጀልባዎቹ በአብዛኛው 9 ሰዓት አካባቢ ይነሳሉ። በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፤ የቦትስዋና ሰዓት ከእኛው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ አዲስ አበባ ያኔ 10 ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከካሳኔ ተነስቶ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ነው ጉዞው። ፓርኩ ከመግባታችሁ በፊት ጀልባው አንድ ቦታ ይቆማል፣ ነጂው ወርዶ መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ የመግቢያው ክፍያ ይጣራል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዝግ ይላል።

ብዙም ሳትርቁ ሴዱዱ ደሴት ላይ ትደርሳላችሁ። ናሚቢያዎች ካሲኪሊ ይሏታል። 3.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ሣር ብቻ ያለባት መሬት ናት፣ ቤት የለባት፣ ዛፍ እንኳን የሚቆጠር ነው፣ በየዓመቱም ለወራት ውሃ ይውጣታል። ግን ሁለት አገሮች ዘ ሄግ ድረስ ተካሰውባታል። የጠቡ መነሻ እንግሊዝና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1890 የተፈራረሙት ውል ነው፤ ድንበሩ የወንዙን ዋና መስመር ተከትሎ ይሂድ ይላል። ወንዙ ደግሞ ደሴቷ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው የቱ ነው? ቦትስዋና ሰሜኑ ነው አለች፣ ናሚቢያ ደቡቡ ነው አለች። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 1999 እ.ኤ.አ. ላይ በ11 ድምፅ ለ4 ለቦትስዋና ፈረደ። እዚያው ላይ ግን ፍርድ ቤቱ ብልህ ነገር ጨመረበት፤ በደሴቷ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለቱም መስመሮች የሁለቱም አገር ዜጎችና ጀልባዎች እኩል መስተንግዶ ያገኛሉ። ዛሬ የናሚቢያም የቦትስዋናም ጀልባ ጎን ለጎን ቆሞ አንድ ዝሆን የሚያየው ለዚህ ነው። ደሴቷ ላይ የቦትስዋና ባንዲራ ተተክሏል። አጠገቡ ጎሾች ይግጣሉ።

ደሴቷ ላይ ያለ ዝሆን ሲበላ ማየት ብቻውን ገንዘቡን ያካክሳል። ሣሩን በኩምቢው ጠቅልሎ ይይዛል፣ በፊት እግሩ መታ አድርጎ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ሥሩ ላይ ጭቃ አለ። ወዲያው አይጎርስም። ውሃው ውስጥ ይነክረውና ግራ ቀኝ ያወናጭፈዋል፣ አፈሩ እስኪለቅ። ከዚያ ወደ አፍ። ጥርሱ በአሸዋ እንዲያልቅ አይፈልግም፤ የዝሆን መንጋጋ ጥርስ የሚተካው በተወሰነ ዙር ነውና የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ መብላት ያቅተዋል። ደሴቷ ላይ ለመድረስ ደግሞ መዋኘት አለባቸው። መንጋው አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፎ ይገባል፣ ትልልቆቹ ጥልቁ ጋ ሲደርሱ ጀርባቸው ይሰወርና ኩምቢያቸው ብቻ ከውሃው በላይ ይታያል። ግልገሉን መሃል ያደርጉታል። ያን ጊዜ ጥሩ ነጂ ራቅ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ መንገዳቸው ላይ የሚገባ ነጂ ካጋጠማችሁ በግልጽ ተናገሩት፣ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጉማሬ ዋዛ አይደለም። ሲያዛጋ እንቅልፍ መጥቶበት ይመስላል፤ እውነቱ ግን «ራቁልኝ» ማለቱ ነው። በደንብ ስለማይዋኝ የወንዙን ወለል እየረገጠ ነው የሚሄደው፣ በየ5 ደቂቃው ገደማ ለመተንፈስ ብቅ ይላል። የት ብቅ እንደሚል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሲመሽ ወጥቶ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድራል፤ ስለዚህ ጀልባው ወደ ካሳኔ በሚመለስበት ሰዓት አንዳንዱ ከውሃው ሲወጣ ሙሉ ሰውነቱን ታያላችሁ። አዞውስ? ጫሞ ሐይቅ ላይ የአዞ ገበያን ያየ ሰው አዞ ብርቅ አይሆንበትም፤ ዝርያውም ያው የናይል አዞ ነው። አፉን ከፍቶ ፀጥ ብሎ የሚጋደመው ሙቀት ለማስወጣት ነው። የቾቤው ልዩነት ጀልባው በጣም መቅረቡ ነው። እጃችሁን ውሃው ላይ አታንጠልጥሉ።

ከዳር ዳር ደግሞ ጎሽ፣ ከርከሮ፣ አጋዘን፣ ዝንጀሮ፣ ቀጭኔ አለ። ቀጭኔ ውሃ ሲጠጣ የፊት እግሮቹን በረጅሙ ፈልቅቆ ነው፣ ለአንበሳ በጣም የሚመቸው ያን ሰዓት ነውና ከማጎንበሱ በፊት ደጋግሞ ዙሪያውን ያያል። ፑኩ የሚባል ቀይ ዳማ የሣር በል እንስሳም አለ፤ ቦትስዋና ውስጥ እሱን የምታገኙት በዚህ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። አንበሳ ከጀልባ ላይ አንዳንዴ ይታያል፣ ግን ተስፋ አድርጋችሁ አትሂዱ። አንበሳ የሚፈልግ በጠዋት በመኪና ይግባ።

ወፍ የሚወድ ሰው ሌላውን ሁሉ ይረሳል። በፓርኩ ከ450 በላይ ዝርያ ተመዝግቧል። ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር፣ ክንፉን ዘርግቶ እንጨት ላይ የሚደርቀው ዳርተር፣ አባ ኮዳ፣ ሽመላ፣ በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ቅጠል ላይ የምትራመደው ጃካና። የጃካናው አባት ጫጩቶቹን ክንፉ ስር አቅፎ ይሸሻል፤ ከውጭ የሚታየው የልጆቹ ረጃጅም እግር ተንጠልጥሎ ብቻ ነው። ውሃው ዝቅ ሲል ደግሞ ስኪመር የሚባለው ወፍ አሸዋው ላይ ይጥላል። የታችኛው መንቁሩ ከላይኛው ይረዝማል፤ እየበረረ ውሃውን በዚያ ይሰነጥቀውና ዓሣ ሲነካው ይዘጋል።

መቼ ይኬዳል? እኛ ጋ ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲያርሰን እዚያ አንድ ጠብታ አይወርድም። ደረቁ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ዝሆን በብዛት ለማየት መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ፤ ሙቀቱ ግን አይቻልም። ሰኔና ሐምሌ ቀኑ ደስ ይላል፣ ማታ ጀልባ ላይ ግን ይበርዳል፣ ጃኬት ካልያዛችሁ ፀሐይዋን ሳይሆን ሰዓታችሁን ነው የምታዩት። ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናብ ነው፤ ዝሆኑ ይሳሳል፣ በምትኩ አገሩ ይለመልማል፣ ስደተኛ ወፎች ይመጣሉ፣ ዋጋም ይቀንሳል።

የጀልባው ዓይነት ከምታስቡት በላይ ለውጥ አለው። ባለ ሁለት ፎቁ ትልቅ ጀልባ ርካሽ ነው፣ መጸዳጃ አለው፣ መጠጥ አለው፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። ግን አንድ ጎን ላይ ዝሆን ሲታይ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይግተለተላል፣ ጥልቀት የሌለው ቦታም አይገባም። ትንሹ ጀልባ ከ10 እስከ 15 ሰው ነው የሚይዘው፣ ዳር ድረስ ይጠጋል፣ ነጂው ራሱ አስጎብኚ ነው። ፎቶ አንሺዎች የሚሽከረከር ወንበርና የካሜራ ማስደገፊያ ያለው ጀልባ አላቸው፤ እሱ ኪስ ያራቁታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትንሹን ውሰዱ። ከሌላው ነገር ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን።

የሞተር ድምፅ የማይወድ ሰው ደግሞ አማራጭ አለው። ፓርኩ ውስጥ ያለው ቾቤ ጌም ሎጅ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጀልባዎች አሉት፤ አስጎብኚዎቹም በሙሉ ሴቶች ናቸው። ካሳኔ በሌላም ትታወቃለች። የፊልም ተዋናዮቹ ኤልዛቤት ቴይለርና ሪቻርድ በርተን ከተፋቱ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ1975 እዚህ ነው። ዓመት ሳይሞላው ደግመው ተፋቱ።

በጀልባ ላይ የሚያድር ሰውም አለ። በናሚቢያ በኩል ተንሳፋፊ ሆቴሎች አሉ፤ ወደነሱ የሚሄደው እንግዳ ካሳኔ ላይ የመውጫ ማኅተም አስመትቶ፣ በትንሽ ጀልባ ኢምፓሊላ ደሴት ተሻግሮ የናሚቢያን መግቢያ ያስመታል። ፓስፖርታችሁ ውስጥ ባዶ ገጽ ይኑር።

ከአዲስ አበባ መንገዱ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዚምባብዌ ውስጥ ፏፏቴው አጠገብ ወዳለችው ቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ ይበራል፤ ከዚያ ካሳኔ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ድንበር ላይ የሚጠፋውን ጊዜ ጨምሮ ሁለት ሰዓት ያዙለት። ብዙ ሰው በጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስበት የቀን ጉዞ ይገዛል፣ ግን ልብ በሉ፣ የቀን ጉዞ የሚወስዳችሁ ጠዋት ላይ ባለው ጀልባ ነው፤ ከሰዓት መኪና ላይ ትወጡና ዝሆኖቹ መውረድ ሲጀምሩ እናንተ ወደ ድንበር ትነዳላችሁ። ቢያንስ አንድ ሌሊት ካሳኔ እደሩ። ቪዛውን ደግሞ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ በአንድ ጉዞ ሁለት ወይም ሦስት አገር ነው የምትነኩት። አካባቢው ወባ ስላለበት ሐኪም አማክሩ፣ ማታ ጀልባ ላይ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር ይዛችሁት ግቡ።