በኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ አረጋውያንና እንቅስቃሴ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እዚህ ባሕር ዳር በኩላሊት እጥበት ክፍል በነርስነት ሳገለግል ከአስታማሚዎች አፍ የማይጠፋ አንድ ልመና አለ፤ «እባክሽ አባባን አታድክሚያቸው፣ ይረፉበት» የሚል። ልመናው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በእግራቸው ይመጡ የነበሩ አዛውንቶች በዚሁ ፍቅር ሰበብ በወራት ውስጥ በልጆቻቸው ተደግፈው ሲገቡ ማየት ያሳዝነኛል፤ ያበሳጨኛልም።

«ማሽን ላይ ያለ በሽተኛ መተኛት እንጂ መንቀሳቀስ የለበትም።» የዚህ እምነት ሥሩ፣ ደም ሁሉ ከሰውነት ወጥቶ ይታጠባል የሚል ግምት ነው። እውነታው ግን በአንድ ጊዜ በቱቦዎቹና በማጣሪያው ውስጥ የሚገኘው ደም ሩብ ሊትር ገደማ ብቻ መሆኑ ነው፤ እርሱም ሳያቋርጥ ይመለሳል፣ የቀረው ደም እንደ ወትሮው ልብንና ጡንቻን ያገለግላል። በሽተኛውን የሚያደክመው ሌላ ነገር ነው። በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ከእጥበቱ ጋር አብሮ የሚወጣው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ተደማምረው ጡንቻን ይጨርሳሉ፤ በዚህ ላይ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለአራት ሰዓት ያህል መጋደምና ቤት ገብቶም መተኛት ሲጨመር ጭን ይሟሽሻል፣ ከበርጩማ መነሳት ይከብዳል፣ ከዚያም መውደቅና የዳሌ ስብራት ይከተላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ አንድ ሰፊ የጀርመን ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 66 ዓመት ገደማ የሆኑ ታካሚዎችን ለ12 ወራት ተከታትሏል። በእጥበት ላይ ሳሉ ፔዳል የመቱትና የጡንቻ ማጠንከሪያ የሠሩት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከወንበር የሚነሱበት ብዛት በአማካይ ከ16 ወደ 19 ከፍ ሲል፣ ያልሠሩት ወደ 15 ገደማ ወርደዋል። ያልሠሩት በነበሩበት እንኳ አለመቆየታቸውን ለአስታማሚዎች ደጋግሜ እነግራለሁ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በብስክሌት ወደ ሥራ ሲመላለሱ የኖሩ አንድ የከተማችን ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ልጃቸው ግን እግራቸውን እንዲያነሱ እንኳ አትፈቅድም ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስረን፣ እግራቸውን በተራ እያነሱ በአምስት ደቂቃ ጀመሩ፤ ጊዜውንም ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ሰዓት አሳደግነው። ዛሬ ማንም ሳይደግፋቸው ከቤታቸው እስከ ጣና ዳር በእግራቸው ይሄዳሉ።

«እጥበቱ ሲያልቅ እሠራለሁ።» ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ፈሳሽ እየተቀነሰ ሲሄድ የደም ግፊት ስለሚወርድ፣ ተመራጩ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ናቸው።

«ፊስቱላው ይበላሻል።» ፊስቱላ ማለት የእጥበቱ መርፌ እንዲገባበት በቀዶ ሕክምና ክንድ ላይ የተዘጋጀ የደም ሥር ነው። መርፌ ያለበት ክንድ ጸጥ ይላል፤ የሚሠራው እግር ነው።

«ላብ ካወጣሁ አንድ እጥበት ብዘል ግድ የለም።» የክፍያው ክብደት ብዙዎችን ወደዚህ ሐሳብ እንደሚገፋ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ላብ የኩላሊትን ሥራ አይተካም፣ ቀን በመዝለል የሚጠራቀመው ፖታሲየምም ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል።

ለመጀመር የሐኪም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በየዕለቱም የደም ግፊት ሳይለካ አይሠራም። ትኩሳት ያለበት፣ ግፊቱ በጣም የጨመረ፣ የሚያፍነው ወይም ያለፈውን እጥበት የዘለለ ታካሚ በዚያ ቀን ያርፍ። ልኩ እየሠሩ ማውራት መቻል ነው፤ ደረት ከወጋ፣ ራስ ካዞረ ወይም መርፌው ያለበት ቦታ ካመመ ወዲያው ቆሞ ነርስ ይጠራል። ካቴተሩ፣ ማለትም ለእጥበት ደም የሚወጣበትና የሚመለስበት ቱቦ፣ በብሽሽት በኩል የገባ ታካሚ ግን እግሩን ማጠፍ ስለሌለበት፣ በፊስቱላ ወይም በአንገት በኩል በገባ ካቴተር መታጠብ እስኪጀምር ድረስ ይህን የእግር እንቅስቃሴ አይሞክር።