«ዳንሲንግ ኢን ዘ ዳርክ»፦ በአንድ ሌሊት ተጽፎ 2ኛ ላይ የቆመው የስፕሪንግስቲን ዘፈን

«ዳንሲንግ ኢን ዘ ዳርክ» አሜሪካዊው የሮክ ድምፃዊ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በሜይ 1984 ያወጣው ነጠላ ዜማ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሱ «በጨለማ መደነስ» እንደ ማለት ነው። በቀጣዩ ወር ለወጣው «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.» ለተሰኘው አልበም መንገድ ጠራጊ ሆኖ የተለቀቀ ሲሆን፣ «ቢልቦርድ» የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት በየሳምንቱ በሚያወጣው የዘፈኖች ደረጃ፣ በቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ፣ 2ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቶ አራት ሳምንት እዚያው ቆይቷል። ስፕሪንግስቲን በራሱ ስም ካወጣቸው ነጠላ ዜማዎች መካከል በዚህ ሰንጠረዥ ከዚህ በላይ የወጣ የለም። ብዙ ሰው የጭፈራ ዘፈን አድርጎ ይወስደዋል። ግጥሙን ልብ ብሎ ላዳመጠው ግን በራሱ የሰለቸ ሰው ምሬት ነው።

ስፕሪንግስቲን የኒው ጀርሲ የወዛደር ቤተሰብ ልጅ ነው። አባቱ አንዴ ፋብሪካ፣ አንዴ አውቶቡስ መንዳት፣ አንዳንዴም ያለ ሥራ ቤት መዋል ነበር ኑሮው። ልጁ በ1975 «ቦርን ቱ ራን» በተባለው አልበሙ ታወቀ፣ በ1980 ደግሞ «ሃንግሪ ሃርት» የተሰኘው ነጠላ ዜማው 5ኛ ደረጃ ደረሰለት። ከዚያ ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ነገር ሲጠብቅ፣ እሱ በ1982 መጀመሪያ በኒው ጀርሲ ቤቱ በአራት ትራክ የካሴት መቅጃ ብቻውን የቀዳውን «ኔብራስካ» የተባለ ጨለም ያለ አልበም አወጣ። በዚያው ዓመት አብሮት ከሚጫወተው ከኢ ስትሪት ባንድ ጋር ብዙ ዘፈኖችን ቀድቶ ነበር። ነገር ግን ምርጫው አልጨረስ ብሎ፣ አልበሙ ሁለት ዓመት ያህል ተጓተተ።

በ1984 መጀመሪያ ላይ ሥራው ያለቀ ሲመስል፣ ማኔጀሩና ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ የነበረው ጆን ላንዳው አንድ ጎደሎ ታየው፤ ሬዲዮ ወዲያው የሚይዘው፣ አልበሙን ተሸክሞ የሚወጣ ዘፈን የለም። ላንዳው ተራ ነጋዴ አልነበረም። ቀድሞ የሙዚቃ ሃያሲ ነበር፤ በ1974 ስፕሪንግስቲንን መድረክ ላይ አይቶ የሮክን መጪ ዘመን እንዳየ የጻፈው እሱ ነው። ስለዚህ ቃሉ ይከብዳል። ስፕሪንግስቲን ተቆጣ። ሰባ ዘፈን እንደጻፈ፣ ሌላ ከፈለገ ራሱ ላንዳው ይጻፈው ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። ቁጣው ግን ፍሬ አፈራ፤ በዚያው ሌሊት ጊታሩን ይዞ ቁጭ አለና ዘፈኑን ጻፈው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። ሰውዬው «የሚሸጥ ዘፈን ጻፍ» ተብሎ ስለ ፍቅር ወይም ስለ መኪና አልጻፈም። የጻፈው እንዲጽፍ ስለተጨነቀ ሰው ነው። ባለታሪኩ ማታ ይነሳል፣ የሚለው ነገር የለውም፣ ንጋት ላይ ይገባል፣ ያንኑ ስሜት ይዞ ይተኛል። መስታወት ፊት ቆሞ ልብሱንም፣ ጸጉሩንም፣ ፊቱንም መቀየር ያምረዋል። መጽሐፍ ለመጻፍ ተቀምጦ ቃል ያጣል። ከራሱ ጋር መዋሉ ሰልችቶት፣ የምትረዳውን ሰው ይጣራል። በእኛ አነጋገር፣ በእስክስታ ምት ላይ የተጫነ እንጉርጉሮ ነው።

ቀረጻው የተካሄደው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1984 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሂት ፋክተሪ ስቱዲዮ ነው። ሳክስፎኑን ክላረንስ ክሌመንስ፣ ድራሙን ማክስ ዋይንበርግ፣ ቤዙን ጋሪ ታለንት ተጫወቱ። የዘፈኑን መልክ የቀየረው ግን የሮይ ቢታን ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረው የቁልፍ መሣሪያ፣ ነው። እስከዚያ ድረስ የስፕሪንግስቲን ሙዚቃ መለያው ጊታር፣ ፒያኖ፣ ኦርጋንና ሳክስፎን ነበር። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ አንዲት አጭር የሲንተሳይዘር ሐረግ ትመጣለች፤ ድምፃዊው ሲያዜምም፣ አዝማቹ ሲደርስም፣ ሳክስፎኑ ሲገባም ሳትለወጥ ትመላለሳለች። ጊታሩ ከኋላ ቀርቷል። በደቂቃ ወደ 150 የሚጠጋው የድራም ምት ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ይህ ቅንብር ለእኔ የግጥሙ ትክክለኛ ጓደኛ ነው፤ ሰውዬው መውጫ ያጣለት ዕለታዊ ዑደት ሙዚቃው ውስጥ ይሰማል። ክሌመንስ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ገና ሊያፋፍመው ሲል ድምፁ እየራቀ ይሄዳል። ሚክሱን፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች የማመጣጠኑን ሥራ፣ የሠራው ቦብ ክሊርማውንቴን ሲሆን፣ ድራሙ እንደዚያ ገዝፎ መውጣቱ ከእሱ እጅ ነው። የሸክላው ጀርባ ላይ «ፒንክ ካዲላክ» የተባለ ሌላ ዘፈን ገብቷል።

ሰንጠረዡን ለመረዳት የዚያን ጊዜውን አቆጣጠር ማወቅ ይጠቅማል። ቢልቦርድ የሽያጩን ቁጥር በቀጥታ ከገንዘብ መቀበያ ማሽን መውሰድ የጀመረው በ1991 ነው። በ1984 ግን ሸክላ ቤቶች ምን እንደተሸጠላቸው፣ ሬዲዮ ጣቢያዎች ደግሞ ምን እንደሚያጫውቱ በየሳምንቱ ሪፖርት ያደርጉ ነበር፤ ሁለቱ ተደምረው ደረጃው ይወጣል። ስለዚህ ከሮክ ጣቢያዎች ውጭ ያሉትን ጣቢያዎች ያልያዘ ዘፈን ላይኛው እርከን አይደርስም። ሲንተሳይዘሩ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ የጊታር ሮክ የማያጫውቱ ጣቢያዎችም ተቀበሉት።

ዘፈኑ በፍጥነት ወጥቶ በጁን 30ው ሳምንት 2ኛ ሆነ። ከላዩ የዱራን ዱራን «ዘ ሪፍሌክስ» ነበር። እሱ ሲወርድ ቦታው ለስፕሪንግስቲን የሚለቀቅ ቢመስልም፣ የፕሪንስ «ዌን ዳቭስ ክራይ» ሁለቱንም አልፎ ጁላይ 7 አንደኛ ወጣና አምስት ሳምንት ተቀመጠ። ስፕሪንግስቲን ከአራቱ ሳምንታት ሦስቱን ከፕሪንስ በታች አሳለፈ። የሁለቱ ዘፈኖች ታሪክ ይመሳሰላል፤ የፕሪንሱም ሌላው ሥራ ካለቀ በኋላ ተጠይቆ የጨመረው ነው፣ እሱም በድፍረት ቤዝ ጊታሩን ከቅንብሩ አውጥቶታል። በዚህ መሸነፍ የሚያሳፍር አይደለም። በኔዘርላንድስና በቤልጂየም የስፕሪንግስቲን ዘፈን አንደኛ ሲሆን፣ በብሪታንያ ግን መጀመሪያ ከ28ኛ አላለፈም።

ቪዲዮው ለብቻው ታሪክ አለው። ስፕሪንግስቲን ብቻውን ሲደንስ የሚያሳይ የመጀመሪያ ሙከራ ተቀርጾ ተጣለ። ቀጥሎ የፊልም ዳይሬክተሩ ብራያን ደ ፓልማ ተጠራ። ቀረጻው የአዲሱ የኮንሰርት ጉዞ በሚጀመርበት በሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ከተማ ጁን 28 እና 29 ተከናወነ፤ ዘፈኑ 2ኛ የወጣበት ሳምንት ላይ፣ ያውም ከፕሪንስ ከተማ ከሚኒያፖሊስ አጠገብ መሆኑ ነው። ጁን 29 ምሽት ዘፈኑ በእውነተኛ ታዳሚ ፊት ሁለት ጊዜ ተደገመ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ድምፃዊ ከፊት ረድፍ ላለች አጭር ጸጉር ልጅ እጁን ይዘረጋል፣ እሷም ባለማመን ዞር ዞር እያለች መድረክ ላይ ትወጣና አብራው ትደንሳለች። ልጅቷ በኋላ «ፍሬንድስ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የምትታወቀው ኮርትኒ ኮክስ ናት፤ ያኔ 20 ዓመቷ ነበር፣ ለዚሁ ተብላ የተመረጠች ተዋናይት ናት። የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤም ቲቪ ክሊፑን ደጋግሞ አሳየ፣ በ1985ም ለምርጥ የመድረክ ትርዒት ሸለመው። በግጥሙ ውስጥ ያለው የደከመው ሰው በክሊፑ ጨርሶ አይታይም፤ እንደ ልብ የሚስቅ ሰው ተተክቶበታል። ዘፈኑ የደስታ ተደርጎ እንዲታወስ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

የዳንስ ቤቶች ፕሮዲዩሰር አርተር ቤከርም ለክለብ የሚሆን ረዘም ያለ ሪሚክስ (እንደገና የተቀናበረ ቅጂ) ሠራለት። የቆዩ የሮክ ወዳጆች አልወደዱትም፤ ዳንስ ቤቶች ግን አጫወቱት። የመንገድ ጠራጊነቱ ሥራም ሠመረ፤ ከዚያ አልበም ይህንን ጨምሮ ሰባት ነጠላ ዜማዎች ተራ በተራ የአሜሪካ ሰንጠረዥ የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገቡ። በፌብሩዋሪ 1985 ስፕሪንግስቲን የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት ያገኘው በዚሁ ዘፈን ነው፤ ዘርፉ የምርጥ ወንድ ሮክ ድምፃዊ ነበር። እንግሊዞችም ዘግይተው ነቁ፤ በ1985 መጀመሪያ ዘፈኑ እንደገና ወጥቶ 4ኛ ደረጃ ያዘ።

ያ ወቅት ለእኛ ሰባ ሰባት ነው። ወሎና ትግራይ በረሃብ ላይ ነበሩ። ስፕሪንግስቲን ጃንዋሪ 27 ቀን 1985 በኒው ዮርክ ግዛት ሲራኪዩዝ ከተማ የጉዞውን አንድ ምዕራፍ ዘግቶ፣ በማግስቱ፣ በእኛ ጥር 20 ቀን 1977፣ ሆሊውድ ወደሚገኘው ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ሄደ። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የጻፉት «ዊ አር ዘ ዎርልድ» በኩዊንሲ ጆንስ መሪነት የተቀዳው በዚያ ሌሊት ነው። በወራት ኮንሰርት የሻከረው የስፕሪንግስቲን ድምፅ ከሁሉም ተለይቶ ይሰማል፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ ከስቲቪ ወንደር ጋር እየተቀባበለ አዝማቹን ይጮኸዋል። ዘፈኑ ኤፕሪል 13 ቀን 1985 በቢልቦርድ ሆት 100 አንደኛ ወጥቶ አራት ሳምንት ቆየ። የስፕሪንግስቲን ድምፅ በዚህ ሰንጠረዥ አናት ላይ የተሰማው በዚህ ዘፈን ነው።