አውትቦርድ ሞተር ምንድን ነው? የቤተሰብ ጀልባ ለመግዛት ለሚያስብ የጅማ ሰው

ጅማ የሐይቅ ዳር ከተማ አይደለችም። ከከተማዋ ጥግ ያለው የቦዬ ረግረግ ለወፎችና ለጉማሬዎች እንጂ ለሞተር ጀልባ የሚሆን ውሃ አይደለም፤ ጥልቀቱም ሣሩም አያስኬድም፣ ጉማሬውም ቢሆን ቤቱ ስለሆነ መብቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ተቀምጦ ልጆቹን በጀልባ ለማንሸራሸር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለው በግልገል ጊቤ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ነው፤ አለዚያም ለዕረፍት ጊዜ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ይዞት ለመሄድ ያቅዳል። በሁለቱም መንገድ ጀልባው ከቤት በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፣ ማታ ወይም በማግሥቱ ተጭኖ ይመለሳል። «አውትቦርድ» የሚባለው የሞተር ዓይነት ለእኛ የሚጠቅመን በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው።

አውትቦርድ ማለት ከጀልባው አካል ውጭ፣ በኋላው ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ሞተር ነው። ትንንሾቹ በእጅ በሚጠብቁ ሁለት ብሎኖች ብቻ ስለሚያዙ ውሃ ዳር ተፈትተው በትከሻ ይወሰዳሉ፤ ትልልቆቹ ግን በቋሚነት ይታሠራሉ። ላይኛው ክፍል፣ በክዳን የተሸፈነው፣ ራሱ ሞተሩ ነው። ከእሱ ሥር ረጅም እግር ይወርዳል፤ በእግሩ ውስጥ ኃይሉን ወደ ታች የሚያደርስ ዘንግ አለ፤ ከእግሩ ጫፍ ማርሹና እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ይገኛሉ። ለብቻው የሚሠራ መሪ የለውም፤ ሞተሩ በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ጀልባው አብሮት ይዞራል። ራዲያተርም የለውም። እግሩ ውስጥ ያለች የጎማ ክንፍ ያላት አነስተኛ ፓምፕ የሐይቁን ውሃ እየሳበች ሞተሩን ታቀዘቅዛለች፤ ከዚያ ውሃ የተወሰነው በጎን ባለች ቀዳዳ እንደ ቀጭን ቧንቧ እየፈሰሰ ይወጣል። ይህች ቀጭን ፍሳሽ ለነጂው ከማንኛውም መለኪያ ትበልጣለች፤ ከቆመች ሞተሩ እየጋለ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል።

ሌሎቹን ዓይነቶች በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ የሚቀመጥበት ዓይነት አለ፤ ሞተሩ በውስጥ ሆኖ እግሩ በኋላ የሚወጣበትም አለ፤ ውሃ በኃይል እየተፋ የሚገፋ ጄትም አለ። ሁሉም ጥሩ ሥራ የሚሠሩበት ቦታ አላቸው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከጀልባው ስለማይነጠሉ ለጥገና የሚሄደው ጀልባው በሞላ ነው፣ ጄቱ ደግሞ ደለል የበዛበትን ውሃ ሲስብ ውስጡ በአሸዋ ይበላል። የግልገል ጊቤ ውሃ በክረምት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው በድልድዩ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ተነቃይ ሞተር የሚለው ሐሳብ ከሚታሰበው በላይ የቆየ ነው። ጉስታቭ ትሩቬ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ በሴን ወንዝ ላይ ከጀልባ የሚነሣ ሞተር ሞክሯል፤ የሚገርመው ደግሞ የእሱ በቤንዚን ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑ ነው። የቤንዚኑን ለሰፊው ገበያ ያበቃው በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ይኖር የነበረው የኖርዌይ ተወላጅ ኦሌ ኤቪንሩድ ሲሆን፣ በ1909 ለሽያጭ ያቀረበው ሞተር ጉልበቱ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር።

ወደ ምርጫው ስንመጣ ሻጭም ገዢም አስቀድሞ የሚጠራው ቁጥር የፈረስ ጉልበት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው። በክዳኑ ላይ «15» የሚል ከተጻፈ ሞተሩ 15 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ማለት ነው፤ ሆኖም ይህ ቁጥር የተለካው አየሩ ወፍራም በሆነበት በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሲሊንደሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ በየ300 ሜትሩም ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ገደማ ይጎድላል። የግልገል ጊቤ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,670 ሜትር ላይ ነው፤ ላንጋኖና ሐዋሳም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ባለ 15ቱ እዚህ ከ12 ተኩል የማይዘል፣ ባለ 30ው ደግሞ 25 ያህል ነው። ሞምባሳ ወይም ዱባይ ላይ የሠራ ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ «ደከመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት እንጂ ስለተበላሸ አይደለም።

ጉድለቱን በከፊል ማስተካከል ይቻላል። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር በከፍታ ቦታ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይበዛል፤ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ባነሰች መተካት ይረዳል። በኢንጀክሽን የሚሠራው ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፣ የሌለውን ኦክስጅን ግን ሊያመጣ አይችልም። ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ፕሮፔለሩን ጠመዝማዛው አነስ ባለ፣ ማለትም በአንድ ዙር አጠር ያለ ርቀት በሚገፋ መቀየር ነው። እንደ ብስክሌት ማርሽ ቢታሰብ ያስኬዳል፤ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ከመታገል ቀላሉን ማስገባት ነው።

ታዲያ ለአንድ ቤተሰብ ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል? ይህ የሚወሰነው ጀልባው ውሃውን እየሰነጠቀ እንዲሄድ ነው ወይስ ከውሃው ላይ ተነሥቶ እንዲንሸራተት ነው የሚፈለገው በሚለው ጥያቄ ነው። እየሰነጠቀ የሚሄድ አራት ሜትር ከግማሽ ያህል ጀልባ ከ9 ወይም ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ የራሱን ማዕበል መሻገር ስለማይችል ጉልበት ቢጨመርለትም ቤንዚን ይበላል እንጂ አይፈጥንም። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ከ6 እስከ 10 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። እንዲንሸራተት ከተፈለገ ግን ለየ15 ወይም ለየ18 ኪሎው አንድ የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ጀልባው 150 ኪሎ፣ አባትና እናት ከሦስት ልጆች ጋር 250 ኪሎ፣ ሞተሩ፣ ቤንዚኑና ዕቃው 80 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 480 ይደርሳል፤ ባለ 30 ሞተር በወረቀት ላይ ይበቃል፣ በግልገል ጊቤ ከፍታ ግን ከጫፉ ላይ ነው። ያ ሞተር በሙሉ ፍጥነት በሰዓት 11 ሊትር ገደማ ቤንዚን እንደሚጠጣም መታወስ አለበት። እኔ ልጆች ይዞ ለሚንሸራሸር ሰው ባለ 10ውን ወይም ባለ 15ቱን እመርጣለሁ፤ ልጆች ወፍ ለማየት እንጂ ለመወዳደር አይወጡምና።

ባለ ሁለት ምት እና ባለ አራት ምት የሚለው ክርክር በየጋራዡ አያልቅም፤ ምት የሚባለው ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አንዴ መውጣቱ ወይም መውረዱ ነው። ባለ ሁለት ምቱ ቀላል ነው፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ማንኛውም የሞተር ሳይክል መካኒክ ሊፈታው ይችላል። በቤንዚኑ ውስጥ ዘይት መቀላቀል ግን ግዴታ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ልኩ ለ50 ሊትር አንድ ሊትር፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህ ከተረሳ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ያማሃ ኢንዱሮ የሚባለው በአፍሪካ ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ የተወደደው በዚሁ ቀላልነቱ ነው። ባለ አራት ምቱ እንደ መኪና ዘይቱን ለብቻው ይይዛል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የጭሱ ሽታም ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን አያስታውክም። ክብደቱ ግን ይበልጣል፤ ባለ 15ቱ ወደ 50 ኪሎ ሲጠጋ ባለ ሁለት ምቱ 36 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ጭቃ በሆነ ዳርቻ ላይ ብቻውን ሞተር ተሸክሞ ለሚወርድ ሰው ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሁልጊዜ አብረው የሚወጡ ከሆነ ባለ አራት ምቱ ይሻላል እላለሁ። ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ደግሞ ጸጥታቸው ደስ ቢልም በባትሪ ይገደባሉ፤ 50 አምፔር የሚስብ ባለ 12 ቮልት ሞተርን ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ፣ ራሱ ሳይጎዳ፣ በሙሉ ጉልበት የሚያስኬደው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ለዳርቻ እንጂ ነፋስ በተነሣበት ከሐይቁ መሐል ለመመለስ አይታመንም።

ጀልባውን በተመለከተ፣ ሆዱ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነው ሲቆም አይናወጥም፣ ልጅ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ቢሮጥም ይታገሣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሲመጣ ግን ውሃውን በጥፊ እንደመታ እያንጓጓ ይሄዳል። ከፊቱ የሾለው ማዕበሉን ይከፍላል፣ ቆሞ ሳለ ግን ይወዛወዛል። ለቤተሰብ መካከለኛው፣ ከፊት ሾል ከኋላ ጠፍጠፍ ያለው የአልሙኒየም ጀልባ ይስማማል፤ ውሃው በበጋ ሲሸሽ ከሚገለጠው ድንጋይና ጉቶ ጋር ቢጋጭ ፋይበር ግላሱ ሲሰነጠቅ አልሙኒየሙ ይጎደጉዳል እንጂ ቶሎ አይከፈትም። የሰዉን ቁጥር በግምት ለማወቅ ርዝመቱንና ስፋቱን በሜትር አባዝቶ ውጤቱን በ0.7 ማባዛት ነው፤ 4.5 በ1.7 የሆነ ጀልባ አምስት ሰው ይይዛል፣ ስድስተኛው ይቀራል። ሕፃን ሰው አይደለም ብሎ አለመቁጠር የታክሲ ልማድ ነው፣ እዚህ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት፣ ለነጂው ደግሞ ከእጁ ጋር የሚታሠረው፣ እሱ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ያስፈልጋል።

አንድ ልኬት ብዙ ገዢ ይረሳል፤ የእግሩን ርዝመት። አጭሩ እግር 38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላለው የኋላ ግድግዳ ነው። አጭሩን ከፍ ባለ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይሄድም፤ ረጅሙ በዝቅተኛው ላይ ሲሆን ደግሞ ጭቃውን ያርሳል። ከመግዛት በፊት በሜትር መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ በርሜል ውሃ ውስጥ ሳይነሣ ገንዘብ መክፈል አይገባም። አንድ ዘመዴ የገዛውን ባለ 15 እዚሁ ጅማ ሞተር ሳይክልና የውሃ ፓምፕ የሚጠገንበት ጋራዥ ወስደን፣ ግማሽ በርሜል ሞልተን፣ እግሩን ነከርንና አስነሣነው። ገመዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሳብ ተነሣ፤ በጎን በኩል ግን አንዲት ጠብታ አልወጣችም። መካኒኩ አጥፍቶ ፓምፑን ፈታ፤ የእሸት ቡና ማጠቢያ ፓምፖችን የለመደ ሰው ስለነበር የጎማውን ክንፎች አንድ በአንድ አጥፎ አያቸው፤ ደህና ነበሩ። ከዚያ ቀጭን ሽቦ ወስዶ በጎን ያለችውን ቀዳዳ ሲወጋ ደረቅ ጭቃ ተፈርፍሮ ወደቀ፣ ከጭቃው ውስጥም የሞተች ተርብ ወጣች። ሞተሩ መጋዘን ውስጥ በቆየባቸው ወራት ቤቷን ሠርታበት ነበር። ዘመዴ አሁን ሞተሩን ከማስቀመጡ በፊት በንጹሕ ውሃ አሥር ደቂቃ ያስነሣዋል፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ አቁሞ ያስደግፈዋል፣ ቀዳዳዋንም በቁራጭ ጨርቅ ይወትፋታል፤ ጨርቁም ቀይ ነው፣ ሲያስነሣ እንዳይረሳው።